ምዕራፍ ሰባት፦ ሞክሼ ቃላትና የአባት ስማቸው

ባለፈው ምዕራፍ እንግሊዝኛ በ26 ፊደላት 44 ገደማ ድምፆችን ለመጻፍ ምን ያህል እንደሚቸገር አይተናል። አንዱ ድምፅ በአምስትና በስድስት ዓይነት መንገድ ሲጻፍ፣ አንዱም ፊደል በየቃሉ ድምፁን ሲቀይር ተመልክተናል። አሁን ከነጠላ ድምፅ ወደ ሙሉ ቃል እንለፍ። ሁለት ቃላት ለጆሮ ፈጽሞ አንድ ሆነው በወረቀት ላይ የሚለያዩት ለምንድን ነው? ተማሪውንም፣ ጸሐፊውንም፣ ማስታወቂያ ሠሪውንም የሚያሳስቱት እነዚህ ቃላት ናቸው።

ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል መምህሩ «አበበ!» ብሎ ሲጣራ ሦስት ልጆች አቤት ይላሉ። ሞክሼዎች ናቸው። ስሙ ሲጠራ ጆሯቸው ላይ የሚደርሰው አንድ ዓይነት ስለሆነ ማንኛቸውም አላጠፉም። መምህሩ መዝገቡን ገልጦ የአባት ስም ሲጨምርበት ግን ሁለቱ ዝም ይላሉ፣ አንዱ ብቻ ይነሣል። ልጆቹ አንድ ስም ቢጋሩም የመጡት ከተለያየ ቤት ነው፤ የመጡበትን ቤት የሚናገረው ደግሞ የአባት ስም ነው።

በዚህ ምዕራፍ የምይዘው ሐሳብ ይኸው ነው። የእንግሊዝኛ ሞክሼ ቃላት የአባት ስም አላቸው፤ የአባት ስማቸውም አጻጻፋቸው ነው። ለጆሮ ምንም የማይጨምሩ የሚመስሉት ትርፍ ፊደላት ቃሉ ከየት ቤት እንደመጣ ይናገራሉ። ይህን የተረዳ ሰው ጥንዶችን እየደረደረ በቃል መሸምደድ ይቀርለታል።

አንድ ነገር ላሳስብ። ይህ መጽሐፍ እንግሊዝኛውንም በእኛው ፊደል ስለሚጽፍ ሞክሼ ቃላት እዚህ ገጽ ላይ መልካቸው ጭምር አንድ ይሆናል። ስለዚህ በምዕራፍ ሁለት እንዳደረግነው የፊደሎቹን ስም አንድ በአንድ እየጠራሁ እሄዳለሁ። ኤ ስል የመጀመሪያዋን ፊደል፣ ኢ ስል አምስተኛዋን፣ አይ ስል ዘጠነኛዋን ማለቴ ነው።

ሀሌታው ሀ እና ብዙኃኑ ኀ

ፊደል የቆጠረ ሰው ነገሩን ከልጅነቱ ያውቀዋል። የኔታ «ሀ» ብለው አይተዉም፤ የትኛው ሀ እንደሆነ ይነግራሉ። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ። አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ሞክሼ ፊደላት የምንላቸው እነዚህ ናቸው፤ በአባት ስማቸው ነው የሚጠሩት።

ዛሬ በአማርኛ ተናጋሪ አፍ ሦስቱም ሀዎች አንድ ናቸው። በጥንቱ ግእዝ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ሐመሩ ሐ ከጉሮሮ ጥልቅ የሚወጣ ነው፤ ትግርኛ ተናጋሪዎች እስከ ዛሬ ለይተው ይናገሩታል፣ ዓይኑን ዐም እንዲሁ። ብዙኃኑ ኀ ደግሞ የምላስ ሥር ወደ ላንቃ ተጠግቶ፣ አየሩ እየተፋተገ የሚወጣ ሻካራ ድምፅ ነበር።

ድምፆቹ ሲቀላቀሉ ቃላቱም ተቀላቀሉ። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ ምሥራቅ የሚለው ቃል የተገኘው ከዚያ ነው። ሰረቀ በእሳቱ ሰ ከሆነ የሌባ ሥራ ነው። ሠዐለ ሥዕል ሠራ ነው፤ ሰአለ ደግሞ ለመነ፣ ጠየቀ። አመት በአልፋው አ ሴት አገልጋይ ናት፤ አመተ ማርያም በሚለው ስም ውስጥ አለች። ዓመት በዓይኑ ዐ የምንቆጥረው ዘመን ነው። ከሁሉ ልብ የሚነካኝ ግን ድኅነት የሚለው ነው። በብዙኃኑ ኀ ሲጻፍ መዳን ነው፤ ካህን በስብከቱ ለምእመናኑ የሚመኘው። በሀሌታው ሀ ሲጻፍ ግን ማጣት ነው፤ ማንም ለማንም አይመኘውም። ቃሉን በጆሮው ብቻ የሰማ ሰው የትኛው እንደተባለ የሚያውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው፤ ያነበበው ግን ከፊደሉ ያውቀዋል።

እንግሊዝኛ ያለ አንዳች ሥርዓት የሚጻፍ ቋንቋ ነው የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙናል። እነዚህን ፊደላት ለሚያውቅ አማርኛ አንባቢ ግን ነገሩ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። እንግሊዝኛም የሆነው ይኸው የእኛው ነው፦ አፍ ድምፁን ጣለ፣ ወረቀት ግን ያዘው።

ናይት እና ናይት

ናይት የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው ሌሊት ነው፤ ኤን፣ አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛው በመካከለኛው ዘመን ጥሩር ለብሶ ይዋጋ የነበረ ባለማዕረግ ፈረሰኛ ነው። አጻጻፉ ያው ሆኖ ከፊቱ ኬ ትገባለች። ጂ እና ኤች በሁለቱም ውስጥ ድምፅ የላቸውም፤ ኬም የላትም። ታዲያ ምን ይሠራሉ?

ከሺህ ዓመት በፊት የነበረ እንግሊዛዊ ሁለቱን ቃላት ቢሰማ አያምታታቸውም ነበር። የፈረሰኛው ቃል ሲጀመር የክ ድምፅ በግልጽ ይሰማ ነበር። ዛሬ ጂ እና ኤች በተቀመጡበት ቦታ ደግሞ ከላንቃ ላይ እየተፋተገ የሚወጣ ሻካራ ድምፅ ነበር፤ የብዙኃኑ ኀ የቅርብ ዘመድ። ጀርመንኛ እስከ አሁን አልጣለውም። ሌሊትን ናኽት ይለዋል፤ ከፈረሰኛው ቃል ጋር አንድ ሥር ያለው ክኔኽት ደግሞ አገልጋይ ማለት ነው። በስኮትላንድ ነባር አነጋገርም ሻካራው ድምፅ አልጠፋም። እንግሊዝኛ ግን በ15ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን መካከል ከአፉ ጣለው፤ ከቃል መነሻ የነበረችውን ኬንም አስከትሎ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ሁለት ቋንቋዎች፣ አንዱ በሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ ሌላው በእኛ ደጋ፣ ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ሻካራ ድምፅ ከአፋቸው ጣሉ። ሁለቱም የድምፁን ፊደል በጽሕፈታቸው ይዘው ቀሩ። ሁለቱም የቅርብ ዘመድ አላቸው፤ እዚያ የስኮትላንዱ አነጋገር፣ እዚህ ትግርኛ፣ ከጉሮሮ የሚወጣውን ጥንታዊ ድምፅ ያቆየ።

አናባቢዎችም እንዲሁ ተቀላቅለዋል። ሚት ሥጋ ሲሆን ኤም፣ ኢ፣ ኤ፣ ቲ ነው። ሚት መገናኘት ሲሆን ኢዋ ትደገማለች። በ1400 እ.ኤ.አ. አካባቢ በሁለቱ መካከል የድምፅ ልዩነት ነበር፤ መገናኘት በረዥም ኤ ሲነገር፣ ሥጋ ሲባል አፍ ከዚያ ይበልጥ ይከፈት ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት መቶ ዓመታት የእንግሊዝኛ ረዣዥም አናባቢዎች በሙሉ ከቦታቸው ተንቀሳቀሱ። የቋንቋ ሊቃውንት ታላቁ የአናባቢ ሽግሽግ ይሉታል፤ ምላስ በአፍ ውስጥ ወደ ላይ ከፍ እያለች ኤ የነበረው ኢ፣ ኦ የነበረው ኡ ሆነ ማለት ነው። በሽግሽጉ መጨረሻ ሥጋም መገናኘትም ሚት ሆኑ። ባሕርና ማየትም ሁለቱም ሲ ሆነው ቀሩ።

ሽግሽጉ ከተጀመረ በኋላ ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ማተሚያ ቤት በዌስትሚንስተር ከፈተ። ማተሚያ የጽሑፍን መልክ ያጸናል። አፉ ገና እየተንቀሳቀሰ ሳለ ወረቀቱ መርጋት ጀመረ። ሳሙኤል ጆንሰን ታላቁን መዝገበ ቃላት በ1755 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም አጻጻፉ በአብዛኛው ተወስኖ አልቆ ነበር፤ የጸናውም ካለፈው ዘመን አነጋገር ጋር የሚስማማው ነው።

ሞክሼ ቃል ችግር ብቻ ይዞ አልመጣም። በቅኔያችን ሰምና ወርቅን የሚሸከመው ኅብረ ቃል ኃይሉን የሚያገኘው ጆሮ ሁለት ትርጉም በአንድ ድምፅ ሲቀበል ነው። ሼክስፒርም ይህን መንገድ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ሃምሌት በመጀመሪያው ትዕይንቱ ሰን ማለት ወንድ ልጅም ፀሐይም መሆኑን ይዞ ይናገራል። አንደኛው በኦ፣ ሁለተኛው በዩ ይጻፋል፤ ተመልካች ግን የሚሰማው እንጂ የሚያነበው የለውም። ሃምሌትን ወደ አማርኛ የመለሰው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይህን ዓይነት ቦታ ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚቸገር፣ ቅኔ የሞከረ ሁሉ ይረዳዋል።

ከዊንጌት ወደ ጳውሎስ

አሁን ወደ አዲስ አበባ መንገድ ወጥተን ሞክሼ ቃላትን በሰሌዳ ላይ እንያቸው። በጉለሌ ዊንጌት የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከትምህርት ቤቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከእንግሊዛዊው መኮንን ከኦርድ ዊንጌት። ዊንጌት የጌዴዎን ጦር የተባለውን ኃይል እየመራ፣ ከሱዳን ተነሥቶ በጎጃም በኩል ከአርበኞች ጋር ጣሊያንን ወግቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ አብሯቸው ነበር። በ1936 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በስሙ የተሰየመው አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1946 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ መምህራኑ በአብዛኛው እንግሊዛውያን ነበሩ። ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ጎልቶ ይሰጥ የነበረው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ከነጻነት በኋላ ቦታውን እንግሊዝኛ ያዘ፤ እነሆ እስከ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። ዊንጌት የዚያ ለውጥ አንዱ ምልክት ነው። ግቢው አሁን የፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው፤ ታክሲ ረዳቱም «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያለ ይጣራል።

ኮሌጅ ባለበት የፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ከዊንጌት ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት በአንዱ ፊት እንቁም። በር ላይ የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ከኋላው በእሽግ የተደረደረ ደብተር፣ በካርቶን ያለ እስክሪብቶ፣ በላስቲክ የተሸፈነ የመመዝገቢያ ፎልደር። ከበላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ሰሌዳ አለ፤ በአማርኛ «የጽሕፈት መሣሪያ»፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ስቴሽነሪ። ከመጨረሻዎቹ አር እና ዋይ በፊት ያለችውን ፊደል ተመልከቱ። ኢ መሆን የነበረባት ኤ ሆናለች። በኤ ሲጻፍ ቃሉ «የማይንቀሳቀስ፣ ባለበት የቆመ» ማለት ነው። ሰሌዳው በአማርኛው ደብተርና እስክሪብቶ እንደሚሸጥ ይናገራል፤ በእንግሊዝኛው ግን ቤቱ ከቦታው እንደማይነቃነቅ። እንዲህ የተጻፈ ሰሌዳ በአዲስ አበባ ብዙ ቦታ አለ፤ በእንግሊዝ አገርም አይጠፋም።

የሚያስደንቀው እነዚህ ሁለቱ ሞክሼዎች አንድ አያት ያላቸው መሆናቸው ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ብዙ ሻጭ ዕቃውን ተሸክሞ ከገበያ ገበያ ይዞር ነበር። መጽሐፍ ሻጩ ግን በዩኒቨርሲቲ አጠገብ ቋሚ ሱቅ ነበረው፤ ስለዚህ «ባለበት የሚቆም» የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ እርሱ የሚሸጠው ወረቀት፣ ቀለምና ብዕር በስሙ ተጠራ። የንግድ ዕቃውን ወይም የንግድ ቤቱን የሚያመለክተው ቅጥያ ደግሞ ኢ፣ አር፣ ዋይ ነው። ይህን ቅጥያ ሰፈራችን በደንብ ያውቀዋል። ቤከሪ በዚያው ያልቃል፣ ግሮሰሪም በዚያው። የጽሕፈት መሣሪያ ቤቱን ከዳቦ ቤቱና ከግሮሰሪው ጋር በአንድ ረድፍ ያቆመ ሰው ኤ እና ኢ ዳግመኛ አይምታቱበትም።

ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ጋራዦችም አሉ። መካኒኮቻችን ፍሬን ይላሉ፤ ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ግን እንግሊዝኛው ብሬክ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈውም ቢ፣ አር፣ ኢ፣ ኤ፣ ኬ ተብሎ ነው። ያ መስበር ነው። ፍሬን ቢ፣ አር፣ ኤ፣ ኬ፣ ኢ ነው። እዚህ ላይ ቀደም ያለው ታሪክ ይመጣል። በኢ እና በኤ የተጻፉ ቃላት አብዛኞቹ እንደ ሚት ወደ ኢ ሲሸጋገሩ፣ ጥቂቶች እንቢ ብለው በመንገድ ቀሩ፤ ብሬክ፣ ግሬትና ስቴክ ከእነርሱ ናቸው። መስበር እንደ ሌሎቹ ብሪክ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ከፍሬን ጋር ሞክሼ አይሆንም ነበር።

ሌሎቹን በዚሁ ዓይን ስንመለከታቸው ዘመዶቻቸው ራሳቸው ይመጣሉ። ዜር የሚባሉ ሁለት አሉ፤ «እዚያ» እና «የእነርሱ»። እዚያ የሚለው ሂር ከሚባለው «እዚህ» እና «የት» ከሚለው ዌር ጋር አንድ ቤት ነው። ሦስቱም በኤች፣ ኢ፣ አር፣ ኢ ያልቃሉ፤ ሦስቱም ስለ ቦታ ይናገራሉ። «የእነርሱ» ግን ከዜይ፣ ማለትም ከ«እነርሱ» ቤት ነው፤ ቫይኪንጎች ከስካንዲኔቪያ ይዘውት የገቡ ቃል ስለሆነ ከቦታ ቃላት ጋር ዝምድና የለውም።

ቱ ማለት ሁለት ሲሆን መካከሉ ላይ ደብልዩ አለች፤ አትሰማም። ነገር ግን ትዊን መንታ ነው፣ ትዌልቭ አሥራ ሁለት፣ ትዌንቲ ሃያ፣ ትዋይስ ሁለት ጊዜ። በአባቷ ዝም ያለችው ደብልዩ በልጆቿ ሁሉ ትናገራለች። መስማት በሚለው ሂር ውስጥ ደግሞ ጆሮ የሚለው ቃል እንዳለ ተቀምጧል፤ ኢ፣ ኤ፣ አር። ዌዘር የአየር ጠባይ ሲሆን ቀላል ነው፤ «ይሁን ወይስ አይሁን» ሲሆን ግን ከማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት ጋር የጥያቄ ቤተሰብ ነውና እንደ እነርሱ ከደብልዩ ቀጥሎ ኤች ይይዛል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝን አቋም ልናገር። በየማጠናከሪያ መጽሐፉ ሞክሼ ጥንዶችን በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን ደርድሮ «አጥኑ» ማለት ተማሪን የሚጎዳ ይመስለኛል። ጎን ለጎን የተማራቸውን ሁለት ቃላት አእምሮው ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል፤ በፈተና ቀን ሁለቱም አብረው ይመጣሉ። አንዱ ቃል ዛሬ ከዘመዶቹ ጋር ይሰጥ፣ ሌላው ሌላ ሳምንት ከራሱ ዘመዶች ጋር። ተማሪው ከባላንጣው ጋር ሳይሆን ከቤተሰቡ ጋር ያስተዋወቁት ቃል አይጠፋውም።

የመምህሩ አፍ

ሞክሼነት በተናጋሪው አገር ይወሰናል። የደቡብ እንግሊዝ ተናጋሪ አናባቢ ካልተከተላት በቀር አር የምትባለውን ድምፅ አይናገራትም። ስለዚህ ለእርሱ ፍርድ ቤት የሆነው ኮርት እና «ያዘ» የሚለው ኮት ሞክሼዎች ናቸው። አባት የሚለው ቃልና «ይበልጥ ሩቅ» የሚለው ቃልም ለእርሱ አንድ ናቸው። አሜሪካዊው አርን አጥብቆ ስለሚናገራት ለእርሱ ሞክሼ አይደሉም። አሜሪካዊ ደግሞ በሁለት አናባቢ መካከል የገባችውን ቲ ያለዝባታል፤ ስለዚህ ጸሐፊ የሆነው ራይተር እና ጋላቢ የሆነው ራይደር፣ ብረት የሆነው ሜታል እና ኒሻን የሆነው ሜዳል በእርሱ አፍ አንድ ወደ መሆን ይቀርባሉ። ለእንግሊዛዊው የተለያዩ ናቸው።

አገራችን ሁለቱንም አፍ ሰምታለች። በዊንጌት ያስተማሩት እንግሊዛውያን ነበሩ። በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ዊንጌት አዳሪ የነበረ ተማሪ እና በክፍለ ሀገር ከሰላም ጓድ መምህር የተማረ ተማሪ ቃለ ጽሕፈት ሲጻፍላቸው የሚሳሳቱባቸው ቃላት አንድ ሊሆኑ አይችሉም ነበር። እኛ በራሳችን አነጋገር በፊደል ያየነውን አር ሁሉ ስለምንናገር በዚህ በኩል ከእንግሊዛዊው ልጅ እንሻላለን፤ ፍርድ ቤትና «ያዘ» አይምታቱብንም።

እኛው የፈጠርናቸው ሞክሼዎች

በሌላ በኩል ግን እንግሊዛዊው ፈጽሞ የማያምታታቸውን እኛ እናምታታለን። በምዕራፍ ሦስት እንዳየነው አማርኛ ሰባት አናባቢዎች አሉት፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ። የእንግሊዝ መምህራን የሚያስተምሩት እንግሊዝኛ ደግሞ ድርብ የሆኑትን ጨምሮ 20 ገደማ አለው። ሃያውን በሰባት ስንቀበል በርካታ ቃላት በእኛ ጆሮ ላይ ሞክሼ ይሆናሉ።

መርከብና በግ ሁለቱም ሺፕ ይሆናሉ። ድመትና መቁረጥ ሁለቱም ካት፣ ሙሉና ሞኝ ሁለቱም ፉል። ምላስ በጥርስ መካከል የሚገባበት ድምፅ ስለሌለን ሦስትና ዛፍ ትሪ ሆነው ይገናኛሉ፤ ማሰብ የሚለውን ሲንክ ስንለው ደግሞ መስጠም ሆነ ማለት ነው። አሳሳቢው ሊቭ ነው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የቀረበ ወጣት «አይ ሊቭ ሂር» ሲል፣ አናባቢዋን አሳጥሮ ከሆነ «እዚህ እኖራለሁ» ነው። አስረዝሞ ከሆነ ከመልቀቅ ጋር የሚገናኝ ነገር ተናገረ። ጠያቂው ፊቱ ላይ ግራ መጋባት ቢታይ ወጣቱ ምን እንዳጠፋ አያውቅም፤ እርሱ የሚሰማው አንድ ቃል ብቻ ነውና።

የዚህ ዓይነቱ ሞክሼ አጻጻፉን በማወቅ አይድንም፤ ጆሮን ማሠልጠን ያስፈልጋል። እኛ የምንጀምርበት ጥሩ መሣሪያ አለን። አጭሩ የእንግሊዝኛ አናባቢ ከካዕብና ከሣልስ ይልቅ ወደ ሳድሳችን ያዘነብላል። መርከብን ስትሉ ሺፕ ለማለት ከተዘጋጀው አፋችሁ ከንፈራችሁን ላላ አድርጉና ወደ ሽፕ ግማሽ መንገድ ሂዱ። በግን ስትሉ ግን ፈገግ እንዳለ ሰው ከንፈራችሁን ዘርግታችሁ አስረዝሙት። ጓደኛችሁ ጀርባውን ሰጥቶ አንዱን ይበል፤ እናንተ የትኛው እንደሆነ ገምቱ። ጆሮ ከለየ አፍ ይከተላል።

የውጭ ሰው አማርኛ ሲማርም የሚደርስበት ይኸው ነው። ገና ሲላላ «እስከ አሁን አልሆነም» ነው፤ ገና ሲጠብቅ የልደት በዓል። ዋና ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ ከሁሉ የሚበልጠው። ለእኛ ፈጽሞ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ለእንግሊዛዊ ጆሮ ግን ማጥበቅና ማላላት ትርጉም ስለማይለውጥበት ሞክሼዎች ናቸው። በዚህ ላይ ፊደላችንም ጥብቀትን አያሳይም። እንግሊዝኛ በጆሮ አንድ የሆነውን በወረቀት ይለያል፤ እኛ ደግሞ በጆሮ የተለያየውን በወረቀት አንድ እናደርገዋለን።

ስልኩ ለምን አያርምም

ብዙ ሰው ስልኩና ኮምፒዩተሩ ስሕተቱን ያርምልኛል ብሎ ይተማመናል። የፊደል አራሚ ዋና ሥራው የተጻፈው ቃል በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ መኖሩን ማየት ነው። በኤ የተጻፈው ስቴሽነሪ መዝገቡ ውስጥ አለ፤ መስበር የሚለው ብሬክም አለ። ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ቀይ መስመር አይሰመርባቸውም። አዳዲሶቹ አራሚዎች በዙሪያው ያሉትን ቃላት አይተው ይገምታሉ፤ በረዥም ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጥሩ ይሠራሉ። ሰሌዳ ላይ ግን ቃሉ ብቻውን ነው የሚቆመው፤ ግምት የሚነሣበት ነገር የለም። ርእስ፣ የስም ካርድና የሥራ ማመልከቻ አናትም እንደዚያው ናቸው።

ጽሑፍን ጮክ ብሎ ማንበብ ብዙ ስሕተት ያጋልጣል ይባላል፤ እውነት ነው። ለሞክሼ ቃላት ግን አይጠቅምም፤ የተታለለው ጆሮ ራሱ ስለሆነ ደግሞ ይታለላል። የሚሠራው ቃሉን በዘመዱ መተካት ነው። ዜር ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። በቦታው ሂር የሚለውን፣ «እዚህ»ን አስገቡ። ዐረፍተ ነገሩ ትርጉም ከሰጠ የቦታው ቃል ነው። ካልሰጠ «የእኛ» የሚለውን አወርን አስገቡ፤ ከተስማማ በኢ እና በአይ የሚጻፈው «የእነርሱ» ነው። ኢትስ የሚለውንም እንዲሁ። «የእርሱ» በሆነ ጊዜ ጭረት የለውም፤ «ነው» በሆነ ጊዜ ቲን ከኤስ የምትለይ ትንሽ ጭረት ከላይ አለችው። ሁለት ቃል አድርጋችሁ ኢት ኢዝ ብላችሁ ስታነቡት ከሄደ ጭረቷን አኑሩ፤ ካልሄደ አንሡ።